ለአንድ ሰው አንድ ጉርሻ

ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ድሬዳዋ ለገሀሬ አካባቢ ባደግኩበት ሰፈር በስሜ የሚጠራኝ ሰው ጥቂት ነበር፤ ለሁሉም ሚጥሚጣ ነኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ይቺ ልጅ ስትወለድ እንኳ ያለቀሰችው ተናዳ ነው" ትል ነበር።

በደርግ ጊዜ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራ ነበር። ሃያ ዓመት እንዳለፈኝ ውሃ ጥም ያዘኝ። ድሬ ላይ ውሃ የማይጠማው ማን አለ? ማንም ልብ አላለኝም። ከሳሁ፤ "ፍቅር ይዟት ነው" አሉኝ። አንድ ቀን ማሽኑ አጠገብ ዘጭ ብዬ ወደቅኩና ሆስፒታል ስነቃ ሐኪሙ "ስኳር በሽታ ነው፤ ዕድሜ ልክሽን መርፌ ትወጊያለሽ" አለኝ። "የቱን ስኳር በልቼ? ያቺን የራሽኗን?" ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው ምን ያድርግ፣ ወደ ክሊኒክ ላከኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ የስኳር በሽተኞችን የምትከታተል አንዲት ነርስ ነበረች። ሲስተር ነው የምንላት። አጭር፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጎልማሳ ሴት። ደጇ ላይ ሰው እንደ ቦኖ ወረፋ ስለሚሰለፍ ረጅም ወሬ የለም። የእሷ ሕግ እንዲህ ነበር፦ በአንድ ቀጠሮ አንድ ነገር ብቻ ታስተምራለች። ያንን "ጉርሻ" ነው የምትለው። አብሮሽ የሚኖር ሰው ይዘሽ ትመጫለሽ፤ ያ ሰው የሰማውን ደግሞ ለእሷ ሳይነግር አይወጣም። ቤት ስትደርሱ ደግሞ ያቺን ጉርሻ ለሌላ ሰው ማጉረስ ግዴታ ነው። ይህ ሳይሆን ሁለተኛውን አትሰጥም።

እኔ መታገስ የት አውቄ! በመጀመሪያው ቀን "ሲስተር፣ ምናለ ሁሉንም አንዴ ቢነግሩኝ?" አልኳት።

"ሁሉን ባንዴ ባጎርስሽ ትታነቂያለሽ። ቀስ በቀስ እንቁላል..."

"እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኔ እሞታለሁ!"

ሳቀች። "ዛሬ የማትሞቺበትን ዛሬ ነው የማስተምርሽ። የነገውን ነገ።"

አብሮኝ የሚኖር ሰው ግን አልነበረኝም። እናቴ ሞታለች፤ ብቻዬን አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ቤተሰቤ የግቢው ሰው ነው። ስለዚህ ጎረቤት ይዤ እሄድ ጀመር።

በመጀመሪያው ቀን አብራኝ የሄደችው ልብስ ሰፊዋ ናት። የእሷን ክፍልና የእኔን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ የእሷ የስፌት መኪና ሲንኳኳ የእኔ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። እንደ ታላቅ እህቴ ነበረች። ሲስተር የሰጠቻት ጉርሻ ይቺ ናት፦ "ስኳር፣ ከረሜላ፣ ሐልዋ፣ ለስላሳ፣ ለእሷ መርዝ ነው።" ልብስ ሰፊዋ መንገዱን ሙሉ እንደ ዳዊት ስትደግመው መጣች። በማግስቱ ግቢው አወቀ። በሳምንቱ ከፊራ ገበያ ያለው ሐልዋ ሻጭ ሳይቀር አውቆ ፊቱን አዞረብኝ። የቀበሌ ሱቅ በኩፖን የሚሰጠኝን ስኳር ልብስ ሰፊዋ ራሷ ወሰደችልኝ። ሻይዋ ላይ አንድ ማንኪያ ጨምራ እያማሰለች "ላንቺ ብዬ እኮ ነው የኔ እህት፣ ከመርዝ ላድንሽ ብዬ" ትለኛለች። ወይ አንቺ! እስቃለሁ፣ ምን አደርጋለሁ።

ለሁለተኛው ቀጠሮ እሷ የትእዛዝ ልብስ ደረሰባትና ጋሼ አብረውኝ ሄዱ። ጋሼ የባቡር ጥገና ጡረተኛ ናቸው። የሳቸው ጉርሻ መርፌው ነበር፦ ሲሪንጁን መቀቀል፣ መድኃኒቱን መቅዳት፣ ጭን ላይ መውጋት፣ ጠዋት ጠዋት፣ መቼም ቢሆን ሳይዘለል። ጋሼ ነገሩን እንደ ባቡር ያዙት። በየጠዋቱ በሬን በከዘራቸው ኳ ኳ አድርገው "ዘይት ተደርጓል?" ይሉኛል። መድኃኒቱን ሙቀቱ እንዳያበላሽብኝ በላስቲክ ጠቅልዬ ውሃ ያለበት ገንቦ ውስጥ ነበር የማኖረው፤ የገንቦውን ውሃ የሚለውጡትም እሳቸው ናቸው።

ለሦስተኛው ጋሼን ጉልበታቸው ያዛቸው። ኤዶ መጣች። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ግቢው በሙሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራት። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ በባቡር የሚመጣ ጨርቅ የምትነግድ ሴት። ሶማሊኛው፣ ኦሮምኛው፣ ዓረብኛው ይቀላቀልባታል፤ አማርኛዋ የገበያ ነው፣ ግን የሚቀር ነገር የለም። ሲስተር ለእሷ ዝግ ብላ ነገረቻት፦ "መርፌ ወግታ ሳትበላ ከቆየች ስኳሯ ይወርዳል። ያልባታል። ትንቀጠቀጣለች። ያለ ምክንያት ትቆጣለች። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ስኳር ነው፣ ቶሎ። መዋጥ ካቃታት በጎኗ አስተኝተሽ ድዷን በስኳር ቅቢ።"

እኔ ሳቄ መጣ። "ሲስተር፣ ድሬ ላይ ላብ ምልክት ሆነ? ቁጣስ? እኔ ላይ?"

ኤዶ "ወላሂ እውነቷን ነው!" ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። ሲስተር ግን አልሳቀችም። "ለዚህ ነው አንቺን የምፈራው" አለችኝ። "ሰው በሌላው ላይ የሚያየውን ምልክት ባንቺ ላይ አያየውም። እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ራስሽ እወቂው። ከረሜላ ከኪስሽ አይለይ።" ፋብሪካ የምለብሰው ጋዋን ኪስ ውስጥ ከረሜላ ጨመርኩ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሦስት ሰው ሦስት ጉርሻ ወስዷል፣ ሁሉንም የያዘ ግን የለም። ሲስተር ያሰበችው አንድ ሰው እየተመላለሰ ሁሉንም እንዲይዝ ነበር። እኔ ደግሞ "ግቢያችን ሙሉ ሐኪም ሆነ" ብዬ እኮራለሁ። አንድ ማታ ሦስቱንም ክፍሌ ሰብስቤ ለማስተባበር ሞከርኩ። ገና ሻይ ሳንቀዳ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ በሩን በጠመንጃው ሰደፍ መታው። "የምን ስብሰባ ነው? ማን ፈቀደ?" በዚያ ዘመን አራት ሰው በር ዘግቶ ከተቀመጠ ሌላ ትርጉም አለው፤ በዚያ ትርጉም ሄደው ያልተመለሱ የሰፈሩን ልጆች እናውቃለን። ጋሼ ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ አንድ ላይ የተቀመጠ የለም።

ኤዶ ግን ጉርሻዋን ማጉረስ ግዴታ ነውና ቦኖ ወረፋ ላይ ለልብስ ሰፊዋ ነገረቻት። "ስትወድቅ ስኳር ስጫት" አለቻት። ልብስ ሰፊዋ በሳቅ ፈረሰች። "አቦ ኤዶ፣ ገለባብጠሽው ነው! እኔ በጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ ስኳር መርዟ ነው።" እኔ መሀል ገብቼ "ሁለቱም ልክ ነው" ብል ማን ይሰማኛል? ወረፋው ይጮሃል፣ ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል። ተወው፣ ሌላ ቀን እነግራታለሁ አልኩ።

የሆነው እሑድ ቀን ነው። መርፌዬን ወግቼ፣ ዳቦዬን ሳህን ላይ አድርጌ፣ ሻዬ እስኪፈላ እጠብቃለሁ። የቀበሌው ደወል፣ ያ የተሰቀለ የሐዲድ ቁራጭ፣ ተደበደበ። ወዲያው የአብዮት ጥበቃው በሬ ላይ ቆመ። "ስብሰባ! አሁኑኑ! ስኳርም እዚያው ይታደላል፤ ያልተገኘ ኩፖኑን ይቀማል።"

"ቁርሴን ልብላና እመጣለሁ።"

"አብዮቱ ቁርስሽን አይጠብቅም።"

ዳቦውን እንኳ እንዳላነሳ ጠመንጃውን አንጠልጥሎ ክፍሌ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ተናደድኩ፤ ግን ጠመንጃ ነው። ያገኘሁትን ድሪያ፣ ያን ሰፊ ስስ ቀሚስ፣ በላዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ድሪያ ኪስ የለውም። ከረሜላዬ ጋዋኑ ውስጥ ቀረ።

አዳራሹ ድሮ የነጋዴ መጋዘን የነበረ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ መስኮት የለም። ሰው ሲሞላ በሩ ከውስጥ በሰንሰለት ታሰረ፤ ሊቀመንበሩ ንግግሩን ሳይጨርስ የሚወጣ የለም። የቀበሌው ሊቀመንበር ቦርጩ ጠረጴዛው ላይ የሚያርፍ ሰው ነበር። ከጎኑ የስኳር ጆንያ አፉ ተከፍቶ ቆሟል፣ እዚያ አጠገብ ያው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ስኳሩ እኛ ጋ ሳይደርስ ግማሹ የት እንደሚገባ ሰፈሩ በሙሉ ያንሾካሹካል። በሹክሹክታ እንጂ ማን ደፍሮ።

ሊቀመንበሩ ይናገራል፣ እናጨበጭባለን፣ ግራ እጃችንን አንስተን "ይውደም!" እንላለን። አላበኝ። ሁሉም አልቦታል። ተናደድኩ። ያ የዘወትሬ ነው። ከንፈሬ ደነዘዘኝ። "ይውደም!" ብዬ ያነሳሁትን እጄን ቀና ብዬ ሳየው ይንቀጠቀጣል። እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ራስሽ እወቂው። አወቅኩት! በልቤ "ስኳር፣ ስኳር" እላለሁ፤ ስኳሩ እዚያ ይታየኛል፣ ነጭ፣ ክምር ብሎ። ተነስቼ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አንተ ሆዳም! ይኼን ሁሉ ሰው ጦሙን አስቀምጠህ ታወራለህ? የዚያ ጆንያ ግማሹ ያንተ ቤት አይደለም እንዴ ያለው? ቦርጭህ አይመሰክርም?"

ከጣሪያው በላይ የቁራ እግር ቆርቆሮውን ሲቧጭረው ይሰማኝ ነበር።

ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ ተነሳ። "ያዛት" አለ፤ "ይቺ ፀረ አብዮት ናት። ማን እንደላካት ታወጣለች።" ጥበቃው ወደ እኔ ሲመጣ እግሩ ሥር ዘጭ ብዬ ወደቅኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን ሰምቼዋለሁ፣ ግማሹን ነግረውኛል። ጉድጓድ ውስጥ የወደቅኩ ያህል ነበር፤ ድምፅ ይመጣል፣ እኔ ግን ወደ ላይ መጮህ አልችልም።

"አስመስላ ነው!" ይላል አንዱ። "መርቅና ነው፣ ጫት በባዶ ሆዷ ቅማ" ይላል ሌላው። የጋሼን ድምፅ ሰማሁ፦ "መርፌዋን ዘላ ነው! ጠዋት በሯን ሳላንኳኳ ወጣን! ክፈቱልኝ፣ መድኃኒቷን ከገንቦ አምጥቼ ልውጋት!" አምላኬ! በዚያ ሰዓት መርፌ ቢደገመኝ ለቀብሬ ነበር የምትሰበሰቡት። ማለት የፈለግኩት "አይሆንም" ነበር። ምላሴ አልታዘዘኝም። ጋሼ በሩን በከዘራ ይደበድባሉ፣ የበሩ ዘበኛ "ስብሰባው ሳያልቅ አይከፈትም" ይላል። ቁርሴን ያስጣለኝ የዚያ ስብሰባ ሰንሰለት ነው ከጋሼ መርፌ ያዳነኝ።

ልብስ ሰፊዋ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። "ውሃ! ውሃ ብቻ! እህቴን እኔ ነኝ የማውቃት!"

ያን ጊዜ ከኋላ ረድፍ ኤዶ ሰውን እየገፋች መጣች። ወደ እኔ አልመጣችም። በቀጥታ ወደ ጆንያው ሄደችና እጇን እስከ ክርኗ ከስኳሩ ውስጥ ከተተችው።

የሕዝብ ንብረት ነው። ጥበቃው ጠመንጃውን አቀባበለ። ያንን ድምፅ ሰምቼዋለሁ፣ ዛሬም ይሰማኛል። "እጅሽን አውጪ!" አላት።

"ዋርያ!" አለችው ኤዶ፣ አንተ ልጅ እንደማለት። "ሶንኮር ነው የያዝኩት፣ ቦምብ አይደለም። ስትተኩስ ከጀርባ ተኩስ፣ እኔ ሥራ አለኝ።" ዞረችና ጀርባዋን ሰጥታው እፍኟን ጨብጣ ወደ እኔ መጣች። ጥበቃው ሊቀመንበሩን አየ። ሊቀመንበሩ ጥበቃውን አየ።

እኔ ጋ ስትደርስ ደግሞ ሌላ ጠባቂ አገኘች። ልብስ ሰፊዋ ስኳሩን ስታይ ጮኸች። "መርዝ! ልትገድያት ነው!" ብላ አፌን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘችው። ከፍቅር ብዛት ልትገድለኝ ነው። ኤዶ "ልቀቂ፣ ሲስተር ነግራኛለች፣ መርፌ ወግታ ካልበላች ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ቁጣ፣ ከዚያ ሶንኮር!" ትላለች፤ ልብስ ሰፊዋ "ሲስተር ለእኔ ነግራኛለች!" ትላለች። ሁለቱም ሲስተር ይላሉ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ እኔ መሀል ላይ እሞታለሁ። የእጇ ላብ ከንፈሬ ላይ ጨው ጨው ይለኛል። ያለኝን ጉልበት አሰባስቤ ነከስኳት። ጣቷን፣ እስከ አጥንቱ።

"ዋይ!" ብላ እጇን ስታነሳ ኤዶ በጎኔ ገልብጣ ስኳሩን ድዴ ላይ ለቀለቀችው። ደምና ስኳር ነበር የቀመስኩት። ልብስ ሰፊዋ ደግማ አልከለከለችም። ጣቷን በነጠላዋ ጨብጣ፣ ፊቴን እያየች፣ "ከሞተች ኤዶ፣ ከሞተች..." ትላለች። ኤዶ ደግሞ ትቀባኛለች፣ እያዜመች ቁርአን ትቀራለች፣ ደግማ ትቀባኛለች። መጀመሪያ ከንፈሬ ተመለሰልኝ። ከዚያ ብርሃኑ። ከዚያ የጋሼ ጫማ። "ዳቦዬ..." አልኩ አሉ።

ተርፌያለሁ ብዬ ሳላበቃ የሊቀመንበሩ ጥላ በላዬ ላይ አረፈ።

"የተናገርሽውን ታስታውሻለሽ?"

አስታውሳለሁ! እያንዳንዷን ቃል። ቦርጩንም ጭምር። ግን ከሰውየው ኋላ ጠመንጃ አለ፣ ከጠመንጃው ኋላ ደግሞ የቀበሌው እስር ቤት፣ ከእሱ ኋላ የሚሆነውን የሚናገር የለም። አፌን ሳልከፍት ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። የተነከሰች ጣቷን ወደ ላይ አንስታ፣ ደሟ ክንዷ ላይ እየወረደ፣ ቅድም "መርዝ" ያለችው ሴት እንዲህ አለች፦

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ ልጅ በሽተኛ ናት። መርፌ ወግታ ሳትበላ ከቆየች ስኳሯ ይወርዳል። ያልባታል። ትንቀጠቀጣለች። ያለ ምክንያት ትቆጣለች፤ የምትለውን አታውቅም። መድኃኒቱ ስኳር ነው፣ ቶሎ። ይኸው እኔን እህቷን በልታኛለች! የክሊኒኩን ሲስተር ይጠይቁ።"

በዚያች ቅጽበት ከኤዶ አፍ የለቀመችውን ነው። ከዚህ የፈጠነ ትምህርት በሕይወቴ አላየሁም።

ሊቀመንበሩ ጣቷን አየ። እኔን አየ። አዳራሹን አየ፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጆንያው ላይ ተክሏል። ያን ጊዜ የገባው መሰለኝ። ፀረ አብዮት ከሆንኩ ያልኩት ነገር መጠየቁ ነው፣ መመርመሩ ነው። በሽተኛ ከሆንኩ ግን ቅዠት ነው። ፊቱ በራ። "ሰፊው ሕዝብ እንደሰማው" አለ ጮክ ብሎ፣ "ጓዲት ታማለች። የተናገረችው የበሽታ ቃል ነው። ይጨብጨብላት።" ተጨበጨበልኝ። እኔም አጨበጨብኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ ኤዶ ክንዴን ይዛ፣ ልብስ ሰፊዋ በሌላ ጎኔ፣ ጋሼ ከኋላ። ማዕዘኑን ስናልፍ ኤዶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "ስሚ" አለችኝ፣ "እጄን ስከት ከላይ ነው ስኳሩ። ታቹ የታጠፈ ባዶ ጆንያ ነው።"

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስቱም አብረውኝ መጡ። ሲስተር በሩ ላይ ስታያቸው "ምንድን ነው፣ ሰላማዊ ሰልፍ ነው?" አለች። ከዚያ የልብስ ሰፊዋን የታሸገ ጣት አየች፣ ነገሩን ሰማች፣ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድ በአንድ አስደገመቻቸው። ጋሼ የኤዶን፣ ኤዶ የልብስ ሰፊዋን፣ ልብስ ሰፊዋ የሁሉንም፣ አንድ ሳታዛንፍ። "ከእንግዲህ" አለች ሲስተር፣ "አንድ ሰው ሁሉንም ሳይዝ ሌላ ሰው ይዘሽ ብትመጪ አላስገባሽም።" የራሷም ስህተት እንዳለበት ገብቷት ነበር፤ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ከዚያ ወደ ውጭ ላከቻቸውና ብቻችንን ቀረን።

"ለምርመራ እንዲመቸኝ ነው" አለች መነጽሯን እየጠረገች። "ያን ሰውዬ የሰደበው ስኳሩ ነው?"

እሷን መዋሸት አልችልም። "ግማሹ ስኳሩ ነው ሲስተር" አልኳት። "ግማሹ እኔ ነኝ።" ከዚያ ኤዶ በጆሮዬ ያለችኝን የጆንያውን ነገር ነገርኳት።

ተነስታ በሩን ዘጋችው። ተመልሳ አጠገቤ ቆማ፣ ሰው ቀብር ላይ እንደሚያወራው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እስከ ዛሬ የሰጠሁሽን ጉርሻ ሁሉ ለሌላ አጉርሺ ብዬሻለሁ" አለችኝ። "ይቺን ግን ለማንም እንዳታጎርሺ። ብቻሽን ዋጫት። ኤዶም ለማንም እንዳታወራ ንገሪያት።"

"እሺ" አልኩ። ተናድጄ ነበር፤ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። ግን ዝም አልኩ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። ስወጣ የበሩን እጀታ የያዘውን እጄን አየሁት፤ ይንቀጠቀጣል። ቁርሴን ግን በልቼ ነው የመጣሁት።